ካልሲ የተሰጣበት ወርካ

ግንቦት ፯ ቀን፣ ሐሙስ። አባባ እየከረከሙ ያሳጠሩትን ድንክ ወርካቸውን ከኖረበት ሰማያዊ ማሰሮ ነቀሉት፤ ሥሩን ከረከሙ፣ ቅጠሉን አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙ፣ ታቹ በተበሳሳ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አዲስ አፈር አልብሰው ተከሉት። እንዳይወዛወዝ በሦስት ሽቦ ሊያስሩት ነበር። ሁለቱን አሰሩ። ሦስተኛው ከፒንሳው ጎን እንደተዘረጋ ቀረ። ሰውየው ወንበራቸው ላይ ትንሽ አረፍ አሉ፤ በዚያው አረፉ።

ለቀስተኛው ሲበተን እማማ እህታቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ሄዱ። በር ላይ ቆመው ለልጃቸው ለፋርማሲስቱ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ያባትህን ዛፍ አደራ! ስመለስ በሕይወት ላግኘው።» ፋርማሲስቱ እንባውን ጠርጎ ወደ በረንዳው ሲወጣ፣ ሰማያዊው ማሰሮ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ነገር ቆሞ አገኘ። ሌላ ምንም ሳያይ ሥራውን ጀመረ። ዛሬ እማማ ይመለሳሉ።

[የአራተኛ ፎቅ በረንዳ። ፀሐይ የሚመታው ጥግ ላይ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊው ማሰሮ፤ ዙሪያውን ብልቃጥ፣ ሲሪንጅ፣ ቴርሞሜትር። በሌላው ጥግ፣ ጥላው ውስጥ፣ መሬት ላይ ሳፋ፤ ሳፋው ውስጥ ግንድ፣ ግንዱ ላይ ካልሲ፣ ካልሲው ላይ ሌላ ካልሲ። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን ለብሷል። በዚሁ ቤት የሚኖረው የእህቱ ባል፣ ፖስተኛው፣ ባዶ እግሩን ደፉ ላይ ተቀምጧል።]

ፋርማሲስቱ፦ ካልሲህን አንሳ ብያለሁ!

ፖስተኛው፦ አልደረቀማ፣ ጋሼ።

ፋርማሲስቱ፦ ስለ መድረቁ ማን ጠየቀህ? ከሕመምተኛ አጠገብ ካልሲ አይሰጣም።

ፖስተኛው፦ [ዞር ዞር ብሎ እያየ] ማን ታመመ?

ፋርማሲስቱ፦ ይኼ ነዋ! [ወደ ማሰሮው እየጠቆመ] ከቀዶ ጥገና የወጣ ፍጥረት ነው። ሥሩ ተቆርጧል፣ አፈሩ ተቀይሯል። አንተ እንደዚህ ብትሆን ያንተ ካልሲ አጠገብ መተኛት ትፈልጋለህ?

ፖስተኛው፦ እኔማ ሁሌም እዚያው ነው የምተኛው።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ እንዴት ብትችልህ ነው!

ፖስተኛው፦ አልቻለችም። በረንዳ ላይ ስቀለው ያለችኝ እሷ ናት።

ፋርማሲስቱ፦ ስማኝ። እማዬ ከሰዓት በኋላ ትደርሳለች። ከመምጣቷ በፊት በረንዳው እንደ ክሊኒክ መጽዳት አለበት። ያንን ጉቶህን ከነሳፋው አውጥተህ ትጥለዋለህ።

ፖስተኛው፦ የቱን ጉቶ?

ፋርማሲስቱ፦ የካልሲ መስቀያህን!

ፖስተኛው፦ ጋሼ፣ ስለሱ እንኳ አንድ ነገር ልነግርህ ብዬ…

ፋርማሲስቱ፦ አትንገረኝ። ሙቀት ልለካ ነው። [ቴርሞሜትሩን አፈሩ ውስጥ ይሰካና ሰዓቱን ያያል] ሲለካ አይወራም።

ፖስተኛው፦ [በሹክሹክታ] ይሰማል እንዴ?

ፋርማሲስቱ፦ ይረበሻል።

ፖስተኛው፦ [ይብሱን በሹክሹክታ] በስንት ሲሆን ነው ትኩሳት የሚባለው?

ፋርማሲስቱ፦ እሱን ለባለሙያ ተወው። ጠዋት ግሉኮስ፣ ቀትር ላይ ቫይታሚን፣ ሲመሽ የልጆች ሽሮፕ። አንድም ቀን አላጓደልኩም።

ፖስተኛው፦ ሽሮፑ የምን ነው?

ፋርማሲስቱ፦ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት። እንጆሪ ጣዕም ያለው።

ፖስተኛው፦ ለኔስ አይሆነኝም?

ፋርማሲስቱ፦ ያንተ ድሮውኑ ክፍት ነው! ይልቅ ና፣ እንለማመድ። እማዬ ስትገባ ምን እንደምላት አዘጋጅቻለሁ። አንተ እማዬን ሁን።

ፖስተኛው፦ [ተነሥቶ ወገቡን ይይዛል፤ ድምፁን ያቀጥናል] እህ፣ እህ… ደረጃው ገደለኝ!

ፋርማሲስቱ፦ ጥሩ። [ጉሮሮውን እየጠረገ] እንኳን ደህና መጣሽ፣ እማዬ። ያልሽኝን አደራ እነሆ፣ ቅጠሉ እንደለመለመ…

ፖስተኛው፦ ልጄ፣ ያባትህ ዛፍ ወርካ አልነበረም እንዴ?

ፋርማሲስቱ፦ እንዲህ አትልም!

ፖስተኛው፦ ብትልስ?

ፋርማሲስቱ፦ «ነው እንጂ፣ ነበር አይባልም፣ በሕይወት አለ» እላታለሁ።

ፖስተኛው፦ [በቀጭኑ ድምፅ] የወርካ ቅጠል እኮ ሰፋ ያለ ነው፣ የኔ ልጅ። ይኼ መርፌ መርፌ ይመስላል።

ፋርማሲስቱ፦ ድንጋጤ ነዋ! ሰውስ ሲደነግጥ አይኮማተርም? አፈር ሲቀየርበት ውኃ ልቆጥብ አለና ቅጠሉን ሰበሰበ። አጠበበ፣ አጠበበና መርፌ አሳከለው።

ፖስተኛው፦ [በራሱ ድምፅ] ደንግጦ ጽድ ሆነ?

ፋርማሲስቱ፦ ጽድ አልሆነም። ጽድ መሰለ።

ፖስተኛው፦ ሽታውም ጽድ ጽድ ይላል።

ፋርማሲስቱ፦ ሽታውም ደንግጧል።

ፖስተኛው፦ ምስኪን! የጎረቤቱ አጥርስ ምን አይቶ ይሆን እንደዚያ የደነገጠው?

ፋርማሲስቱ፦ ዝም በል! የኔን ሥራ ካንተ ጉቶ ጋር አስተያየው። ላንተ ጉቶ ምን ተደረገለት? ምንም። ምንስ ሠራ? ምንም።

ፖስተኛው፦ ካልሲ ይይዛል እኮ።

ፋርማሲስቱ፦ በቃ፣ ልምምዱ ቀርቷል። እማዬ በሩን ስትከፍት ዓይኗ እንዲያርፍበት ሳሎን እናስገባው። ቀስ ብለህ አንሳው። እንደ ሕፃን!

[ፖስተኛው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ጎንበስ ይልና ዛፉን አንገቱን ይዞ ያነሣል።]

ፋርማሲስቱ፦ ማሰሮውን! ማሰሮውን ያዝ!

[ማሰሮው ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ዛፉ ፖስተኛው እጅ ላይ ነው።]

ፖስተኛው፦ ቀለል ብሎታል።

[ፋርማሲስቱ ይቀበለውና ገልብጦ ታችኛውን ጫፍ ያያል። በሰያፍ በቢላ የተቆረጠ ነው። ሥር ቀርቶ አንዲት ፀጉር የምታክል ነገር የለችውም።]

ፋርማሲስቱ፦ ሥሩስ?

ፖስተኛው፦ እኔ አልወሰድኩም።

ፋርማሲስቱ፦ ሥሩ የት ሄደ?!

ፖስተኛው፦ ደንግጦ ገብቶ ይሆናል።

[ፋርማሲስቱ ያባቱ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። ቅርንጫፉን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል።]

ፋርማሲስቱ፦ ገደልኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችኝ። አባዬ መጨረሻ የነካው ነገር ነው፤ እኔ በሽሮፕ ገደልኩት። አሁን ያቺን ሴት ምን ብዬ ነው የማያት?

ፖስተኛው፦ ጋሼ፣ አንተ አልገደልከውም። ድሮም የሞተ ነው።

ፋርማሲስቱ፦ አረንጓዴ ነበር እኮ!

ፖስተኛው፦ ጽድ ነዋ። ሰዎች አጥር ከርክመው ደጃቸው ላይ ይቆልሉታል፤ ፖስታ ሳደርስ አያለሁ። ተቆርጦም አረንጓዴ ነው። መሞቱን የሚነግረው ሰው የለም።

ፋርማሲስቱ፦ ጽድ መሆኑን ታውቅ ነበር?!

ፖስተኛው፦ ነግሬህ ደነገጠ አልከኝ።

ፋርማሲስቱ፦ ታዲያ ግሉኮስ ስወጋው ምን እየሠራሁ መስሎህ ነው?

ፖስተኛው፦ መድኃኒት እየሞከርክ። መጀመሪያ ለጽዱ ትሰጠዋለህ፣ ጽዱ ምንም ካልሆነ ለወርካው። እንደዚህ አይደለም እንዴ የምትሠሩት?

ፋርማሲስቱ፦ ለየትኛው ወርካ?

ፖስተኛው፦ [በአገጩ ወደ ሳፋው] ለዚህ ነዋ።

[ፋርማሲስቱ ሳፋውን ያያል። ፖስተኛውን ያያል። ሳፋውን ያያል።]

ፋርማሲስቱ፦ የካልሲ መስቀያው?

ፖስተኛው፦ አባባም በሕይወት ሳሉ እዚሁ ላይ ስሰቅል እያገኙኝ አይደል የምንጣላው? ቅርንጫፉን እንዴት ልስተው? ይቺ ጎባጣዋ የግራ ካልሲ ናት፣ ይቺኛዋ የቀኝ።

ፋርማሲስቱ፦ እኔ እኮ… [ድምፁ ይወርዳል] እኔ ማሰሮውን ነው የማውቀው። ስመጣም ስሄድም ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ ነው የማየው። ለምን አልነገርከኝም?

ፖስተኛው፦ አትንገረኝ ስላልከኝ።

[ፖስተኛው ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ያነሣል። ከሥራቸው በየቅርንጫፉ ጫፍ ቀይ፣ ሹል እንቡጥ ብቅ ይላል። አንዱ ተከፍቷል፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቅጠል አውጥቷል። ሰፋ ያለች፣ የወርካ ቅጠል።]

ፋርማሲስቱ፦ [ጽዱን ወንበሩ ላይ አጋድሞ፣ ተንበርክኮ] አለ! በሕይወት አለ! ምን ሰጠኸው?

ፖስተኛው፦ ምንም።

ፋርማሲስቱ፦ ውኃስ?

ፖስተኛው፦ ምንም። ካልሲዬን ግን ጨምቄው አላውቅም፤ እጄን ያመኛል።

ፋርማሲስቱ፦ እና የሳሙና ውኃ ነው ስታንጠባጥብበት የከረምከው?!

ፖስተኛው፦ ኧረ ጋሼ፣ ሳሙናው ካለቀ ቆየ።

ፋርማሲስቱ፦ [አፍንጫውን ይዞ] ይህችን እንኳ ሳትነግረኝ አውቄያለሁ። [ብድግ ይላል፤ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል፤ ጋዋኑን ይቆልፋል] መልካም። እስካሁን የተሠራው የጠብታ ሕክምና ይባላል። በኔ ክትትል የተካሄደ። ካሁን በኋላ ዋናው ሕክምና ይጀምራል። ግሉኮሱን አቀብለኝ!

ፖስተኛው፦ ጋሼ፣ ልናገር?

ፋርማሲስቱ፦ አትናገር!

[ሲሪንጁን ሞልቶ ወደ ሳፋው ጎንበስ ይላል። እማማ የራሳቸው ቁልፍ ስላላቸው አላንኳኩም፤ ሻንጣቸውን እንደያዙ የበረንዳው በር ላይ ቆመዋል።]

እማማ፦ እጅህን አንሳ!

ፋርማሲስቱ፦ እማዬ! እንኳን ደህና መጣሽ! ያልሽኝን አደራ እነሆ…

እማማ፦ መርፌውን አስቀምጥ ነው የምልህ። [ሻንጣውን ጥለው ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ይላሉ። ትንሿን ቅጠል ሊነኳት እጃቸውን ይዘረጉና መልሰው ይሰበስቡታል።] ተረፈ።

ፋርማሲስቱ፦ የጠብታ ሕክምና ይባላል፣ እማዬ።

እማማ፦ [ቀና ብለው ወንበሩ ላይ የተጋደመውን ጽድ እያዩ] ያቺ ቅርንጫፌስ? አወቅክባት?

ፋርማሲስቱ፦ ያንቺ ቅርንጫፍ?

እማማ፦ ከጎረቤት አጥር ቆርጬ የሰካኋት ነቻ።

[ፖስተኛው አፉን በካልሲ ይሸፍናል፤ ወዲያው ያነሣዋል።]

ፋርማሲስቱ፦ አንቺ ነሽ?!

እማማ፦ ማን ይሁን ታዲያ? አባትህ የመጀመሪያዋን ሽቦ እያሰረ ምን አለኝ መሰለህ? «እንግዲህ ይኼ የሚፈልገው ጥላ፣ ትንሽ እርጥበትና የማይነካካው ሰው ነው።» አንተን ደግሞ እኔ ወልጄሃለሁ። ልጅ ሳለህ የገዛንልህን ጫጩት ሙቀቱን ለክተህ ለክተህ ነው የጨረስከው። ሥራ ካልሰጡህ እጅህ አያርፍም። ስለዚህ ሥራ ሰጠሁህ።

ፋርማሲስቱ፦ አደራ ብለሽኝ እኮ ነው የሄድሽው!

እማማ፦ አደራህንማ ተወጣህ። ዛፉን አልነካኸውም።

ፖስተኛው፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] ዋናውን ደግሞ እኔን አምነው ነው የተዉልኝ፣ አይደል እማማ?

እማማ፦ አንተንማ አምኜሃለሁ፣ ልጄ። ምንም እንደማታደርግ ለአፍታ አልተጠራጠርኩም። [ከወለሉ ላይ አንድ ካልሲ በሁለት ጣታቸው ያነሣሉ] ይኼን ግን አላሰብኩትም።

ፖስተኛው፦ [አንገቱን ደፍቶ] ይቅርታ፣ እማማ። አባባ እንደማይወዱት አውቃለሁ። አሁን እወስደዋለሁ።

እማማ፦ ቆይ።

[ወጥ ቤት ይገባሉ። በሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ሲመለሱ ያልተከፈተ የልብስ መቆንጠጫ እሽግ ይዘዋል።]

እማማ፦ እንካ፣ ያንተ ነው። አባባ ያረፈ ዕለት ጠዋት ስኳር አምጣልኝ ብዬ ልኬው ይኼን ይዞ መጣ። «ስኳሩስ?» ስለው፣ «ያ ሰውዬ ካልሲውን ከዛፌ ላይ እስኪያወርድ ሻዩን መራራውን እንጠጣዋለን» አለኝ።

[ፖስተኛው መቆንጠጫውን በሁለት እጁ ይቀበላል።]

እማማ፦ ከዛፉ በላይ ገመድ ወጥር። ካልሲህን በመቆንጠጫ ያዝበት፤ የሱም ፈቃድ ይሙላ። ውኃው ወደ ታች ይንጠብጠብ፤ ዛፉም አይቀየም። ሳሙና ግን ቅጠል እስኪለብስ እንዳትገዛ።

ፖስተኛው፦ እሱን ለኔ ይተዉት።

ፋርማሲስቱ፦ እኔስ?

እማማ፦ አንተ ምን?

ፋርማሲስቱ፦ አንድ ነገር ስጪኝ፣ እማዬ። ትንሽም ብትሆን። እውነተኛ የሆነ።

[እማማ ያዩታል። ከዚያ ከሳፋው ጎን ፒንሳውንና ሦስተኛውን ሽቦ ያነሣሉ፤ ከተዘረጋበት ማንም አላንቀሳቀሰውም ነበር።]

እማማ፦ ይቺን እሰርለት። አንዴ። ከዚያ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።

[ፋርማሲስቱ ጋዋኑን ያወልቃል። ሽቦውን ከሳፋው ቀዳዳ አሾልኮ በግንዱ እግር ያዞራል፤ በፒንሳው ይይዝና ቀስ እያለ ይጠመዝዛል። እጁ ክኒን ሲቆጥር እንደሚረጋው ረግቷል። ይጨርስና እጁን ኪሱ ይከታል።]

ፋርማሲስቱ፦ ጠበቀ?

ፖስተኛው፦ ሳብ ላድርገው?

ፋርማሲስቱና እማማ፦ [ባንድ ድምፅ] እንዳትነካው!

[ፖስተኛው ገመድ ፍለጋ ይወጣል።]

ስኳሩ እስካሁን አልተገዛም። ግንቦት ፯ ቀን ጠዋት አባባ የተላኩትን ሳይረሱ፣ ሆን ብለው ትተውት፣ ሱቅ ወረዱ። መቆንጠጫ አስወጡና የትኛው እንደሚጠነክር የገዛ ጣታቸውን እያስነከሱ ሞከሩ። ከመረጡት ዓይነት አንድ እሽግ ገዝተው ደረጃውን ወጡ፤ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ የእህል ወንፊቱ ከተንጠለጠለበት ሚስማር ላይ፣ ሰቀሉት።