እፍረቱን ባሕር ዳርቻ ጥሎ የመጣው ሰው

ዕረፍቱን ውጭ አገር አሳልፎ ሲመለስ እፍረቱን እዚያው ጥሎ እንደመጣ የሚምል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የካዛንቺሱ ጎረቤቴ ደረጀ እንደዚያ ነው። ሰው ሁሉ ዕርቃኑን የሚዝናናበት የአውሮፓ ባሕር ዳርቻ ሰንብቶ መጥቷል።

«እፍረት ማለት እኮ ልማድ ነው። አወለቅኩት፣ በቃ!» ይላል።

ጋዜጠኛ ነኝና ምስክር ፈለግሁ፤ አላጣሁም። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ያ ባሕር ዳርቻ ያለበት ከተማ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ሲንሸራሸሩ መንገድ ይስቱና ሙሉ ሱፍ እንደለበሱ፣ ከዘራቸውን እንደያዙ አሸዋው ላይ ይደርሳሉ። ደረጀ በሆዱ ተኝቷል። ምን ያድርግ? ለታላቅ ሳይነሳ ቢቀር ሰፈሩ ባለጌ ሊለው ነው። ቢነሳስ?

አስተዳደጉ አሸነፈው። «ኖር!» ብሎ ብድግ ሊል ሲል ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«በእግዜር! በሞቴ፣ አንተ ልጅ፣ እንዳትነሳ!»

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ለወጉ ያህል ሲባል ሰምቻለሁ። ከልብ የተባለው ያን ቀን ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ጋሽ ታደሰ ወደ እድሩ ስብሰባ ሲገቡ ሁላችንም ተነሳን። ደረጀም ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሳ። ሽማግሌው ዓይናቸውን በባርኔጣቸው ከለሉ።

«አንተስ ተቀመጥ፣ በሞቴ!»