የአክስቴ አይ ሻዶ

የአንድ አገር ሰው ልቡ ወዴት እንደሸፈተ ማወቅ የፈለገ፣ ጋዜጣውን ይተወውና መጽሐፍ መደብር ገብቶ የትኛው መደርደሪያ የትኛውን ገፍቶ እንዳባረረው ይይ። እኔ ይህን ታላቅ ጥናት ያካሄድኩት ከወንበር ሳልነሳ ነው። ልጄን ሶልያናን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንኖርበት ከኒው ሆፕ ሚኒያፖሊስ ወዳለ አንድ መጽሐፍ መደብር እወስዳታለሁ። እሷ መጽሐፍ ስትመርጥ እኔ ታሪክ ክፍል ካለው ሰፊ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እቀመጣለሁ ያልኩት ለጨዋነት ነው፤ እተኛለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ ክሊኒክ ሲያመላልስ የከረመ ሹፌር፣ ሞቅ ያለ ቤትና ለስላሳ ወንበር ሲያገኝ ምን ያድርግ?

ያቺ ሌላውን ሁሉ ገፍታ ያባረረች ክፍል መጀመሪያ ከምግብ ማብሰያ መጻሕፍቱ ጥግ ያለች አንዲት መደርደሪያ ነበረች። ጥቁር ሽፋን፣ ቀይ አበባ፣ ፊቱ የገረጣ ጎረምሳ። በዓመቱ ሦስት መደርደሪያ ሆነች። ከዚያ ጂኦግራፊን ዋጠች፤ ግጥምን ደረጃ ሥር ከተተች። በመጨረሻም ታሪክን ከነወንበሬ አንሥተው ሽንት ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጡን። የዓለም ነገሥታት ሁሉ ለአንድ ፊቱ ለገረጣ ጎረምሳ ቦታ ለቀቁ ማለት ነው። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ክፍል አናቱ ላይ በወርቃማ ፊደል ስም ወጥቶለታል፦ ቲን ፓራኖርማል ሮማንስ።

እኔ እንኳ በወንበሬ መሰደድ ብዙም አልተከፋሁም። የከፋኝ ሌላ ነው። ድሮ ሶሊ የገዛችውን መጽሐፍ ገና መኪና ውስጥ ጀምራ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ እየተረከችልኝ ነበር ቤት የምንደርሰው። ዐሥራ አምስት ሲሞላት ግን ያቺ ልጅ ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ቀረች። ለእኔ የተረፉኝ ሦስት ቃላት ናቸው፦ «ፋይን»፣ «ኖ» እና «ዋትኤቨር»። አንድ ቤት አብረውት የሚኖሩትን ሰው መናፈቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ድምፅዋ ናፈቀኝ።

ታዲያ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ በወረደበት ቅዳሜ ከወንበሬ ተነሣሁ። ውጭ በረዶው የሚቸኩልበት ጉዳይ እንደሌለው ሁሉ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። እኔም ገና ከሕልሜ በደንብ አልወጣሁም ነበር። ልጄን የወሰደብኝን ጠላት ፊት ለፊት ላየው ብዬ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ፀጉሯን ወይን ጠጅ የተቀባች አንዲት ሻጭ መጥታ ምን ልርዳዎት አለችኝ። ይህ ሁሉ ስለ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

ደግ ልጅ ናት፣ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ልጅቷን የሚወዳት ሰው ያልሆነ ፍጡር ነው። አንዳንዱ ተኩላ ይሆናል፣ አንዳንዱ ቫምፓየር ነው። ቫምፓየር በአማርኛ ደም መጣጭ መሆኑ ትዝ አለኝ። በእኛ ልጅነት ደም መጣጭ ማለት ባለርስቱ ነበር፤ ተሰልፈን፣ ግራ እጃችንን ሽቅብ ወርውረን «ይውደም!» ያልነው። ልጄ ደግሞ ከአልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። ሻጯ ቀጠለች። አንዳንዱ ጭራሽ አይታይም፣ በሕልሟ ነው የሚመጣው፣ ቀናተኛ ነው፣ ሌላ ወንድ አጠገቧ አያስደርስም።

ይሄኔ እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። ይሄማ ዓይነ ጥላ ነው! ይህን ሁሉ ግድግዳ እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነው የለም እንዴ? ይህንንማ በደንብ እናውቀዋለን፣ አክስቴም አለባት አልኳት። ምን አለባት ስትለኝ፣ አንድም ፊደል ሳላጎድል ተረጎምኩላት፦ ዓይን፣ አይ፤ ጥላ፣ ሻዶ። «አይ ሻዶ።»

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። አክስቴ በአይ ሻዶ የተነሣ ሳታገባ ቀረች አልኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ አልለቃት ብሎ ሦስት ጠያቂ አሸሸባት፤ ቤተሰቡ ስንት ጊዜ ጠበል ወስዶ ቢያስጠምቃት ወይ ፍንክች አልኩ። ሻጯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለዚህ ብሎ የሚሸሽ ወንድ ድሮም አይረባም አለችኝ። ቀጥላም፣ አልለቅ ያለ አይ ሻዶ በውኃ ብቻ እንደማይሆን፣ ዘይት ነገር መቀባት እንደሚያስፈልግ መከረችኝ። ቅባ ቅዱስ ማለቷ መስሎኝ በሃይማኖቷ ተደነቅሁ።

ዞር ስል ሶሊ ከኋላዬ ቆማለች፤ በያዘችው መጽሐፍ ፊቷን ሸፍናለች። «ዳዲ፣ ፕሊስ» አለችና መጽሐፉን አስቀምጣ ወጣች። ሳትገዛ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ያቺ ሦስት ቃልም ዛሬ አለቀች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት።

መኪና ውስጥ መጥረጊያው በረዶውን ሲጠርግ ብቻ ይሰማል። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። አይ ሻዶ ማለት የዓይን ቆብ ላይ የሚቀባ የመዋቢያ ቀለም መሆኑን፣ የሻጯም ዘይት እሱን ማስለቀቂያ መሆኑን ነገረችኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሳቋ ሲበርድላት ግን፣ ልትላት የፈለግኸው ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ጥያቄ!

የአክስቴን የእትዬ አሰለፈችን ነገር ነገርኳት። አንዱ ጠያቂ ሽማግሌ ሊልክ ሲል እግሩ መሰበሩን፣ የሌላው አባት መታመማቸውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት በዚያው መቅረቱን። አዋቂዎቹ ዓይነ ጥላ ነው ብለው መፍረዳቸውን። ሶሊ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ታዲያ ዓይነ ጥላው ቆንጆ ነበር ወይ አለችኝ።

መሪውን ልስት ምንም አልቀረኝ። ስሙን የጠየቁ አሉ። የት እንደያዛት፣ ምን ቢሰጡት እንደሚለቅ የጠየቁ ሞልተዋል። መልኩን የጠየቀ ግን አንድም የለም። አላውቅም አልኳት። «እንጠይቃታ» አለች፣ በአማርኛ። እትዬ እዚሁ ከተማ፣ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ መኪናውን አዞርኩ። በቤታችን ይህ ነገር ከተነሣ ስንት ዘመኑ! አሮጊቷን ላስቀይማት ነው ብዬ ፈራሁ፣ ግን ልጄ እያወራችኝ ነው፣ እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? እንዲያውም ጥያቄውን በአማርኛ እኔው ነኝ እየነዳሁ ያስጠናኋት።

እትዬ ሻይ ቀድታልን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። እዚያ ከፍታ ላይ በረዶው የሚወርድ ሳይሆን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ሶሊ ጉሮሮዋን ጠራረገች፣ ከዚያም ቃል በቃል እንደተማረችው፣ «እትዬ፣ እሱ… ዓይነ ጥላው፣ ቆንጆ ነበረ?» አለች። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተከልኩ።

ቀና ብዬ እትዬን ሳያት፣ የሰማንያ ዓመት ሴትዮ እንደ ኮረዳ አፍራ በእጇ አፏን ይዛለች። ከዚያ ወደ ሶሊ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «‹ነበረ› አትበይ ልጄ፣ ቅር ይለዋል» አለቻት።