ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መኪናችንን ማን ይቆልፋት ነበር?

የባለቤቴ ወንድም ሙላት የበደለኝ አምና ኅዳር ላይ፣ በባለቤቴ ተዝካር ዕለት ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «እትዬ አንጓች በዚህ ዕድሜያቸው መኪና ምን ያደርግላቸዋል? ለእኔ ትሁን» አለ።

በትሕትና ነው ያለው። ትሕትናው ነው ያናደደኝ።

የዛሬውን ብነግራችሁ ግን ማን ያምነኛል?

በዕልህ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከፍኖተ ሰላም ቤቴ ቡሬ ወዳለችው የጨርቅ ሱቄ ራሴ እየነዳሁ መመላለስ ጀመርኩ። ሙላት መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ክረምቱ ሲገባ መኪናዋ በራሷ መቆለፍ ጀመረች።

መጀመሪያ የቆለፈችብኝ ባለቤቴ በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነው። ጉም ወርዶ ዛፎቹ አይታዩም። ወርጄ ልሳለም ስል፣ ጠቅ። አራቱም በሮች፣ በአንድ ጊዜ። ሪሞቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከፈትኩ። ጠቅ። ደግሜ ከፈትኩ። ጠቅ።

ተቀምጬ ቀረሁ።

ባለቤቴ አያሌው በር መቆለፉን ሳያረጋግጥ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ማንም ሳይነካት፣ ጠቅ ስትል ጓዳ ሆኜ እሰማታለሁ። ስሙን ከጠራሁማ ይብስባታል። ወይም ይመስለኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ተደብቆ አይቀር፣ ሙላት ጆሮ ደረሰ። «ሟች ተቆጥቷል፤ አትንጃት እያላት ነው» እያለ ከተማውን ዞረ። ሽማግሌ ሰበሰበ። እነሱም አምነውት መኪናዋን ሊሰጡት እንደሚችሉ ገባኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ጸበል።

በየጠዋቱ የሾፌሩን መስኮት በጸበል አጥባለሁ። ባጠብኳት ቁጥር ይብስባታል። በባሰባት ቁጥር እጨምራለሁ። ጋራዥ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ትዝ አላለኝም።

አትሳቁ።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ግቢዬ መጡ። የነፍስ አባቴ መምሬ ምትኩ ከፊት፣ ሙላት ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ። እኔም በመጨረሻው ሰዓት መካኒክ አስጠርቻለሁ፤ ደሴ ይባላል።

«እስቲ ይግቡና እንያት» አለ ሙላት።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ጠቅ።

ልቤ ተሰወረ። «አያሌው፣ አፈር ስሆንልህ ክፈትልኝ» አልኩ። «ለሙላት ልትሰጣት ነው? ለዚህ ለስስታም?»

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሁሉም ሰሙ።

«አያችሁ? ከሟች ጋር ነው የሚነጋገሩት» አለ ሙላት፣ ያዘነ መስሎ። «እኔ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ይህችን መኪና በእጄም አልነካኋት። በማርያም።»

ደሴ በሩን ከፍቶ አወጣኝና ሥራውን ጀመረ። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። የሪሞቱን ባትሪ አወጣ፤ መኪናዋ አሁንም ጠቅ ትላለች። መምሬ አማተቡ። ደሴ ግን «አንዱ በር ነው የሚያሳስታት፤ ሌሎቹ ይከተሉታል» አለና የየበሩን ሽቦ ተራ በተራ ነቀለ። የሾፌሩ በር ሽቦ ሲነቀል ዝም አለች።

በካቻቢቴ የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታ። የኮመጠጠ ሽታ ግቢውን ሞላው።

«እማማ፣ ዝናብም ጸበልም በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ ይወርዳል» አለኝ። እማማ አለኝ፤ ይሁን። «ከታች ባለው ቀዳዳ ደግሞ ይወጣል። የእርስዎ ቀዳዳ ግን በአተላ ተደፍኗል። ያፈሰሱት ጸበል ሁሉ እዚሁ ተኝቶ ቁልፉን አበላሸው።»

«የምን አተላ?»

«የጠላ ነዋ። ጌሾው ይኸው።»

መምሬ ምትኩ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው ሙላትን አዩ።

«ሙላት፣ የማኅበራችን ተራ ደርሶህ ከቡሬ ጠላ ስታስመጣ፣ ጀሪካኑ መኪና ጣራ ላይ ፈሰሰብኝ ብለህ ይቅርታ ጠይቀኸን አልነበር?»

«የሰው መኪና ነበር፣ አባቴ።»

«የወንድሜ ናት አልከኝ እኮ። የአያሌው ሰልስት በወጣ ማግስት ነበር።»

እኔ መሬት ተቀምጬ ሳለቅስ እሱ ቁልፉን ከግድግዳ ላይ አንስቶ ጠላ ይጭንባት ነበር። ሙላት ጋቢውን አስተካከለ።

«በማርያም ምለሃል» አሉት መምሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መኪናዋ የእርስዎ ናት።»  ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ደሴ የበሩን ቁልፍ ሊያጸዳ የመኪናዋን ባትሪ ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። መኪናዋ ውስጥ ምንም ኤሌክትሪክ የለም። ሁለታችን ከፊት ቆመናል። የኋላው በር ጠቅ አለ።

ደሴ አየኝ። አየሁት።

«ሰሙ እንዴ፣ እማማ?»

«አልሰማሁም።»

እሱም አልሰማሁም አለና ፈጠን ፈጠን እያለ ገጣጠማት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቡሬ ነዳሁ። ሙላት መንገድ ዳር ዝናብ ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። አላቆምኩም።