«አንድ ጥያቄ ብቻ» እና የእኔ ዜሮዎች

ስብሰባ ባለበት ሁሉ፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጉዳይ ከሌለ…» ብሎ ወረቀቱን ሲሰበስብ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም መሥሪያ ቤት አለ፤ ይኸው አሁን በልባችሁ ስሙን ጠራችሁት።

የእኛ ሕክምና ትምህርት ቤት እጅ አውጪ ክብርት ፕሮፌሰራችን ናቸው። ተማሪዎቹ «አንድ ጥያቄ ብቻ» ይሏቸዋል። ጥያቄያቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ያው ነው፦ «እዚህ ክፍል ውስጥ የሌለው ማነው?» መጀመሪያ ሰሞን ዲኑ ደንግጠው ሰው ይቆጥሩ ነበር። ፕሮፌሰሯ የሚሉት ግን ከእነጭራሹ በሩን ያላየውን ነው፤ መኪና በማይገባበት ያለውን፣ ጆሮው የማይሰማውን፣ የድሃውን ልጅ።

ለእኚህ ሴት ምንም ነገር በሰላም አያልፍም። የመማሪያው መጽሐፍ የቆዳ በሽታ ሥዕሎች ሁሉ ነጭ ቆዳ ላይ ብቻ ሆነው ቢያገኟቸው «ሽፍታ ሰው መርጦ ነው እንዴ የሚወጣው?» ብለው መጽሐፉን መለሱት። አንደኛ ዓመቶች ማዳመጫ አንገታቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ በፊት እንደ በሽተኛ ካርድ ክፍል እንዲሰለፉ አደረጉ፤ ዲኑንም ጨምረው። ዲኑ ከሁለት ሰዓት ተኩል ሰልፍ በኋላ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «ለምሳ ዘግተናል» ተባሉ። በማግስቱ ሁለተኛ መስኮት ተከፈተ።

እኔ ሬጅስትራር ነኝ፤ በአዲስ ገቢዎች ቃለ መጠይቅ አምስት ሆነን እንጠይቃለን፤ ነጥቡን የምሞላው እኔ ነኝ። ዘንድሮ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣች ልጅ ቀረበች። ጥያቄውን ሁሉ መለሰች፤ ግን አንገቷን ደፍታ፣ ወለሉን እያየች። ቅጹ ላይ ደግሞ «በራስ መተማመን» የሚል፣ ከአምስት የሚሞላ ዓምድ አለ፤ ዜሮ ያገኘ ይወድቃል። ዜሮዬን አሰፈርኩ። በዚያው ወደቀች።

ውጤቱን ደምረን ልንበተን ስንል «አንድ ጥያቄ ብቻ» አሉ ፕሮፌሰሯ። ተነሥተው የነበሩት ዲን ተመልሰው ተቀመጡ።

«አንተ የኔ ጌታ፣ አባትህ ሲቆጡህ ዓይን ዓይናቸውን ታያለህ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ።»

«በራስህ አትተማመንም ማለት ነው?»

«አባቴን አያውቋቸውም፣ ፕሮፌሰር።»

«እሷ ላይ ደግሞ አምስት አባት ነው የደረደርንባት።»

በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ውጭ የምትጠብቀውን ልጅም እኛንም ነድተው ወደ ሕሙማን ክትትል ክፍል ወሰዱን። እዚያ ሐኪሞቹ መድኃኒት ቢለዋውጡላቸውም የደም ግፊታቸው አልወርድ ያለ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። በየቀጠሮው የሚመልሱት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ልጅቷ አጠገባቸው ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ አሁንም አንገቷን ደፍታለች።

«እማማ፣ መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለችና ዝም አለች። እኛ እንዲህ ያለ ዝምታ አንችልም፤ ዲኑ ሁለቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ ነዋ» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ። «ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል፤ እንዳያልቅብኝ ብዬ።»

«ለሐኪሞቹ አልነገሯቸውም?»

«መች ፋታ አላቸው ልጄ? እንደቆሙ ጠይቀው እንደቆሙ ይሄዳሉ።»

ተረኛው ሐኪም ካርዳቸውን ያገላብጥ ጀመር። እኔ ቢሮዬ ተመልሼ ዜሮዬን ሰረዝኩ፤ አምስት ጽፌ ፈረምኩበት፤ ልጅቷ አለፈች። ወረቀቱን ደረቴን ነፍቼ ለፕሮፌሰሯ ወሰድኩላቸው። እንደ ጎበዝ ተማሪ ምስጋና እየጠበቅሁ ነው።

አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «የሌሎቹስ ዜሮ?»

ሄጄ ቅጾቹን አገላበጥኩ። በዚያ ዓምድ ብቻ የጣልኳቸው ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ፕሮፌሰሯ ተከትለውኝ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። እኔው ስልኩን ሳብኩ።

የመጀመሪያው ቤት እናት አነሡ።

«ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ነው የምደውለው» አልኩ። «ልጅዎን በስህተት ነው የጣልነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንደገና እንድትመጣልን ፈልገን ነበር።»

«ልብስ እያጠበች ነው» አሉ ድምፃቸው ተለውጦ። «ልጥራት? አይዘጋም?»

«ይጥሯት እናቴ፤ አንዘጋም።»

ፕሮፌሰሯ ወንበር ስበው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ከወዲያ አንዲት እናት ልጇን እየተጣራች ስትሮጥ ይሰማናል። ወዳጆቼ፣ እኚህ ሴት ሃያ ዓመት ምሳዬን ሲያስቀዘቅዙብኝ ኖረዋል፤ እሳቸው የሌሉበት ስብሰባ ግን ቢጠሩኝም አልሄድም።