ሳይለኩ የማይናገሩት ክብርት ቴርሞሜትር

በየቤተሰቡ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው በግምት አግብቶ፣ በግምት ወልዶ፣ በግምት ጨው ጨምሮ ሲኖር እሱ ብቻ ሜትርና ሚዛን ይዞ ይዞራል። እኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ክብርት ቴርሞሜትር እላቸዋለሁ።

ክብርትነታቸው ሻይ ሲቀርብላቸው እንደ ሰው እፍ አይሉም። ከቦርሳቸው ቴርሞሜትር አውጥተው ይነክሩና ይጠብቃሉ። የሕፃን ገላ ውኃ ከሆነማ ሁለት ጊዜ ይለካል። በወጣትነታቸው አንድ ሰው ለትዳር ጠይቋቸው ቤተሰቡ መልስ ሲጠብቅ፣ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ በሁለት ሙከራ አይፈረድም» ብለው ቁጭ አሉ። ሰውየው ሦስተኛውን ሙከራ ሳይጠብቅ ሌላ አገባ።

ጥፋቱ የሥራቸው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ለጡት ካንሰር የምትሆን፣ ናኖ የሚሏት በዓይን የማትታይ ቅንጣት ይሠራሉ። ምሳ ላይ እንዳስረዱን፣ ቅንጣቷ መድኃኒት ተሸክማ የካንሰሩን ሴል ፈልጋ ትጣበቅበታለች። ከዚያ ብርሃን ሲያበሩባት ትግላለች፤ ሙቀቱ ሴሉን ያዳክመዋል፣ መድኃኒቱም እዚያው ይፈስበታል። ሙቀቱ ካነሰ ካንሰሩ ይተርፋል፤ ከበዛ ጤነኛው ሥጋ ይቃጠላል። በጥቂት ዲግሪ መካከል የሚኖር ሰው ሻይ ቢለካ ምን ይገርማል።

የባለቤቴ ጡት ላይ እብጠት ተገኘና ካንሰር ነው ተባለ። ጠያቂው ሁሉ «ምንም አትሆኚም» እያለ ገባ ወጣ። ዘመዶቻችን ደግሞ መድኃኒቱ ከቤታችሁ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል አሉን። ባለቤቴም «ያቺ ቅንጣት ትደርስልኛለች?» ብላ እህቷን ጠየቀቻቸው። እኔ አንድ ደግ ውሸት እየጠበቅሁ ነበር።

«የኔ እህት፣ እስካሁን አይጥ ላይ ነው የሞከርነው» አሉ። «ላንቺ አይደርስም። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ኬሞ ትጀምሪያለሽ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ተናደድኩ። ቢዋሹ ምን ነበረበት? ሁለት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላነጋገርኳቸውም። እሳቸው ግን ከአንድም ኬሞ አልቀሩም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ሥራ ሲሄዱ ጎራ እያሉ የእህታቸውን ትኩሳት ለክተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ አለች። እኔም ግንባሯን ዳስሼ መሰከርኩላት። ቴርሞሜትሩ ግን ከሠላሳ ስምንት ተኩል አለፈ። ክብርትነታቸው ኬሞ ላይ ላለ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም ብለው፣ ቁርስ ሳንቀምስ እየነዱ ሆስፒታል አስገቡን። ኢንፌክሽን ነበር። ሐኪሙ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ...» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ክብርት የምላቸው ለቀልድ ነበር፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ከልቤ ነው።

ሕክምናው አልቆ የመጨረሻው ምርመራ ውጤት የመጣ ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። ክብርትነታቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ባለቤቴ የምታየው እሳቸውን ብቻ ነበር።

«ጥሩ ነው» አሉ።

በዚያ ሁሉ ወር «ምንም አትሆኚም» ስትባል አንዴም ያላለቀሰችው ባለቤቴ ያን ጊዜ ተንሰቀሰቀች። እሳቸውም ከፊታቸው የተቀመጠውን ሻይ አንስተው ሳይለኩ ጎነጩት። ምላሳቸውን አቃጠላቸው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለድኩባቸውም።