በቁልፍ የጠበቅሁት ገብስ

ሰው በታመነ ቁጥር ቁልፍ ይበዛበታል። እኔን ብትሉ፣ እዚህ አሰላ፣ በሰፈራችን የሚታመን ሰው ሲቆጠር ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ነኝ። ይህን የምላችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ጎረቤትም የቤቱን ቁልፍ እኔ ዘንድ ጥሎ ይሄዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎልማሶቹን ስለ መጋቢነት የማስተምረውም እኔው ነኝ፦ ያለን ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፣ እኛ ጠባቂዎች ብቻ ነን፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። መክሊቱን ስለ ቀበረው ሰነፍ ባሪያ ስናገርማ ድምፄ ከፍ ይላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ደምሴ ከበቆጂ ማዶ መጡ። ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊከርሙ ነበር። ሁለት ጣሳ የማትሞላ ጥቁር ገብስ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

«ልጆቹ ማሳውን በሙሉ የቢራ ገብስ ሊዘሩበት ነው» አሉኝ። «አልፈርድባቸውም፣ ገዢ አለው። ይቺ ግን የአባቴ ዘር ናት። በዚያ በክፉ ቀን፣ እኛ ልጆቹ በረሃብ ስናለቅስ እንኳ አልነካትም። ሌላ ቦታ የለችም። አደራህን ልጄ፣ እንዳትጠፋብኝ።»

እሳቸውን እንደሸኘሁ ገበያ ወጥቼ ቁልፍ ገዛሁ። ከመውጣቴ በፊት ባለቤቴ ብርቄ፣ «ጓሮ ብንዘራት ምናለበት?» ብትለኝ፣ «የሰው አደራ አፈር ላይ አይጣልም!» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ከገበያ ስመለስ ገብሱን በቆርቆሮ ሣጥን ከተትኩ፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሦስት ክረምት እንዲሁ አለፈ፤ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ታማኝ ሰው የሰው ዕቃ አይጎረጉርማ!

ዘንድሮ ሰኔ ሊገባ ሲል ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው ተሽሎ መጡ። ልጆቻቸው ከማሳው ጥግ ትንሽ ቦታ ለቀውላቸው፣ ዝናቡ ሳያመልጣቸው ሊዘሩ ቸኩለዋል። ሣጥኑን አምጥቼ፣ አጭር ንግግር አድርጌ (አጭር አልነበረም)፣ ከፈትኩት።

ነቀዝ። ነቀዝና ዱቄት ብቻ።

ጋሽ ደምሴ አፈስ አደረጉና እፍ አሉት፤ በነነ። የተረፈ ፍሬ ካለ ብለው እስከ ሣጥኑ ጥግ በጣታቸው ዳበሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይሁን፣ ምን ታደርገዋለህ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ብርቄ ብድግ ብላ ወጣች። ሐፍረቴን ማየት ያቃታት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይታ ከጎረቤታችን ከአዴ ከድጃ ጋር ተመለሰች፤ ግማሽ ማዳበሪያ የሚሆን ነገር ለሁለት ተሸክመዋል። ሲፈቱት ጥቁር ገብስ ነው።

ለካ እኔ ቁልፍ ልገዛ በወጣሁባት ሰዓት ብርቄ ከቋጠሮው ሁለት እፍኝ ዘግና ለአዴ ከድጃ ሰጥታለች። አዴ ከድጃም ጭላሎ ግርጌ ባላት ማሳ ዳር በየክረምቱ ስትዘራው፣ ስታጭደው ኖራለች። በጾም እየላከችልን «እንዲህ ያለ ገብስ ድሮ ቀረ» እያልኩ የቆረጠምኩት ቆሎም ከዚሁ ነበር።

«አትቆጣ ኦቦ ታደሰ» አለችኝ አዴ ከድጃ። «ዘር እኮ ቤት ስታስቀምጠው ይሞታል። መሬት ስትሰጠው ነው የሚኖር።» ስንት እሑድ የደከምኩበትን ትምህርት እስላሟ ጎረቤቴ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ጋሽ ደምሴ ገብሱን እያፈሱ፣ እያሸተቱ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት ጣሳ ቀንሰው «አደራ» አሉ። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አለፉና ለብርቄ ሰጧት።

«አንተ ጓሮውን ቆፍር» አሉኝ።

ቆፈርኩ። አሁን ይህን ስጽፍላችሁ ቡቃያው ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ አየዋለሁ፣ ደስ ይለኛል። ባለፈው እሑድ ተራው የመክሊት ትምህርት ነበር። መክሊቱን የቀበረውን ሰው ስም መጽሐፉ አይናገርም። እኔ ግን ዘንድሮ ነገርኳቸው።