ካልተነገረ በቀር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ስንቱን ነገር አጣርቶ ይኖራል? አብዛኛውን በ«ይሆናል» አይደል እንዴ! ተቃራኒውን ካልሰማን በቀር ባቡሩ ይመጣል፣ የወጣውም ይመለሳል ብለን እንውላለን። ኮምፒውተር ደግሞ ከእኛ ይብሳል።

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ አንድ ፋብሪካ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ክፍሉ ለማሽኖቹ ሲባል ስለሚቀዘቅዝ፣ ሙቀቱ ሲበረታ አለቆቻችንን ሁሉ የሳይንስ ፍቅር ይይዛቸዋል። ማሽኖቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከፈረንሳይ፣ ሌላው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ። የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ለየማሽኑ የራሱ ፋይል ነበረው፤ በየፋይሉም ማክሮ የምንላቸው ስሞች «ሌላ ካልተነገረህ በቀር ይህን ያዝ» እያሉ ይመሩታል። እነዚህን የጻፈው ጓደኛችን አህመዲን እንደ ቀፊራ ገበያ በየቦታው ዘርግፏቸው ነበር። እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲሄድ፣ ማደራጀቱ በእኔና በባልደረባዬ በጥላዬ ላይ ወደቀ።

በሁለቱም ፋይሎች የተደጋገመውን ወደ አንድ የጋራ ፋይል ልናዛውር ተስማማን፤ ሁለቱንም ፋይሎች አንድ አንድ ተካፈልን። እኔ ጥላዬ ያዛውረዋል ብዬ ከእኔ ፋይል ሰረዝኩ፤ ጥላዬም እኔን አምኖ ከእሱ ሰርዞ ኖሯል። ሁለቱም ማሽኖች ቀጥ አሉ።

በዚያው ሰሞን የአህመዲን ሞት ተሰማ። መርዶ መቼም እንደ ተራ ወሬ በር ላይ አይወረወርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይረዳል። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ ከእኛ መሃል የቀበረው ማን ነበር? መሥሪያ ቤቱ የሰፈር ሽማግሌዎች ያርዱ አለ፤ ሽማግሌዎቹም መሥሪያ ቤቱ ያርዳ አሉ።

እናቱ አዴ ፋጡማ ግን ከመልካ ጀብዱ እየመጡ ይጠይቁን ነበር። መሬት መሬት እያየን ወሬ የለም እንላቸዋለን። አንድ ቀን እየሳቁ መጡና፣ ልጅ አጭቼለታለሁ፣ ሚዜው አንተ ነህ አሉኝ። እኛ ዝም ባልን የሰው ልጅ ለሞተ ሰው ታስራ ልትቀመጥ ነው! በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘን ሄድን።

አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። ሲደክማቸው እጄን ያዙና፣ በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጠርተው፣ «ያ ኢልማኮ፣ ወሬ ካልመጣ ልጄ አለ ብዬ ይዤ ነበር እኮ። አሁን ምን ልያዝ?» አሉኝ።

ፋይሎቹን በመጨረሻ አስተካከልናቸው። ባንደኛው አናት ላይ ግን አህመዲን በላቲን ፊደል ጽፎ የተዋት አንዲት መስመር ነበረች፦ «እስክመለስ እንዳትነኩ»። ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን መስመር አያነብም፣ ዘሎት ነው የሚያልፈው፤ የምናነባት እኛ ብቻ ነን። መሰረዟን እኔ ለጥላዬ ተውኩት፤ ጥላዬም ለእኔ።